እጅ ሲያጥር

ሊየፓያ። ነፋሱ ከባልቲክ ተነሥቶ
የወደቡን ክሬን ሲያስጮኽ አምሽቶ፣
በሆቴሉ ምድር ቤት፣ ከሌሊቱ ስምንት፣
ጭሱ በወጣበት፣ ሰው ባልወጣበት፣
መቶ አርባ ጀምረው አሥራ ዘጠኝ ቀሩ፤
ለአሥራ ስምንቱ ነው የሚከፈል ብሩ።

እኔ ካርታ አዳይ ነኝ።
ማዘን አይፈቀድም፣ ምክር አይፈቀድም፣
ሳድልም ከሰው ሰው አንዱን አላስቀድም።
አዳይ ይሉኛል እንጂ ዕድል ከኔ አይደል፤
እኔ በውዤ ልሂድ፣ እሱ በስሜ ይማል።

አምስተኛው ወንበር ቬልታ ናት፣ የትራም ሾፌር።
ከተማችን ያላት ሐዲድ አንድ መስመር፤
ሃያ ስምንት ዓመት ሄዳ ተመልሳ፣
ያንቀላፋ ሠራተኛ በደወል ቀስቅሳ።
አመሻሹ ላይ ክምሯ እስከ ክርኗ ነበር፤
እንደ መጋቢት በረዶ ቀለጠ ሳይሰበር።
አሁን ስድስት ናቸው። ስድስት ቀያይ ቺፕ።
ደግማ ትቆጥራለች፣
መቁጠር የሚያበዛ ይመስል።

እጅ ሲያጥር እንዲህ ነው።
በየሃያው ደቂቃ መዋጮው ይቆለላል፣
ዝም ብሎ መቀመጥ ኪራይ ያስከፍላል።
ራልፍስ፣ ያ ወጣት፣ ኮፍያው የጋረደው፣
ከፊቱ ግንብ አለ በቺፕ የገደገደው፤
ላለው ይጨመራል፣ ቃሉ እዚህ ሕግ ነው።
ጉናርስ ዓሣ ነጋዴው ካርታውን ይጥላል፣ ደግሞ ይጥላል፣
የእሷን ስንብት እንደ ወር ደመወዝ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።
ክፉ ሰው አይደለም።
እሱም የጀልባ ዕዳ አለበት።

ኪንግና ሦስት ደረሳት፤ ጣለች።
ጃክና ሰባት፤ ጣለች።
አስና አምስት፤
እጇ ትንሽ ቆየ፣ ትንሽ፣
ጣለች።
ያኔ ቀና ብላ አየችኝ፣
ትራሟ ላይ ያለ ትኬት የተሳፈርኩ ይመስል።

የሚቀጥለው ዙር ግዴታው የሷ ነው፤
ከስድስቱ አንዱን ያለ ጠብ የሚቀማው።
ሁለት ካርታ አደልኳት። ጫፉን በአውራ ጣቷ
ገለጥ አደረገችው፣ መለሰችው ከቦታው።
እጅ አጠረኝ ብላ እጅ አልሰጠችም ቬልታ፤
ስድስቱን ገፋቻቸው፣ ሳታመነታ ላንዳፍታ።
ቀን መግፋት የሚሉት ምን እንደሚመስል
ያን ጊዜ አየሁት፦ አንድ መዳፍ፣ አረንጓዴ ጨርቅ፣
ክንድ እስከሚደርስበት ድረስ።

ራልፍስ ሳይቆጥር ተቀበላት።
ኪንግና ክዊን፣ ሁለቱም ልብ።
የሷ ሁለት አራት፣ ስፔድና ፍላወር፣
ከደሃ ቤት የመጡ መንትያ።
ጉናርስ ብድግ አለ፤ ወንበሩ ጮኸ።

ሦስቱን ከፈትኩ። ዘጠኝ። ሁለት። ክዊን።
አንድ ሰው በረጅሙ ተነፈሰ፤ ማን እንደሆነ አልነግራችሁም።
ቬልታ የሥራ ጃኬቷን ከወንበሩ አነሣች፤
ከሌሊቱ አሥራ አንድ ላይ የመጀመሪያው ትራም የሷ ነው።
ግራ እጅጌዋን አጠለቀች።
አራተኛው ሰባት።
አምስተኛውን ስስብ ጣቴ ላብ ነበረው፤
ይህም አይፈቀድም።
አራት።

ማንም አልጮኸም። ጉናርስ ተቀመጠ፣
ውኃ ጠጣ፣ ብርጭቆውን አገላበጠ።
ቆጥሬ ገፋሁላት፦ አሥራ አራት ሙሉ።
ገና እጄን ሳልመልስ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ደወለ፤
መዋጮው በአንድ ጊዜ እጥፍ ሆኖ ዋለ።
አሥራ አራቱ ሰባት ሆነ በዓይኗ ሥር፤
ከሞት ተመልሶ ትርፉ አንዲት ፍርፋር።

ሳቀች። ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በአፍንጫዋ ብቻ።
ግራ እጅጌዋን አላወለቀችም፣
ቀኙን አላጠለቀችም።
እኔ በወዝኩ።
አንድ ክንዷ በጃኬት፣ አንድ ክንዷ በጨርቁ ላይ፣
ካርታዋን ጠበቀች።